አንዲት አግዳሚ ለመተካት ከሂርና ሐረር

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሂርና ተነሣሁ። የምሄደው ሐረር ነው። የምሄደውም በአሮጌው ቴአትር ቤት መድረክ ሥር ከአርባ ዓመት በፊት ሳላስገባ የተውኳትን አንዲት አግዳሚ ለመተካት ነው። ለልጆቼ ግን የማርታን ጭፈራ ለማየት ነው የምሄደው አልኳቸው። እሱም ውሸት አይደለም፤ ግማሹ ነው።

ማርታ የልጅ ልጄ ናት። አዲስ አበባ በአንድ የዳንስ ትምህርት ቤት ባሌት ትማራለች። ባሌት በእግር ጣት ጫፍ ቆመው የሚጨፍሩት የፈረንጅ ጭፈራ ነው። ማክሰኞ ደወለችና «አባባ፣ ሐረር ገብተናል። ቅዳሜ እርስዎ በሠሩት መድረክ ላይ ነው የምንጫወተው» አለችኝ። ደስ አለኝ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሐረር ነው፤ አናጢነቱንም የተማርኩት እዚያው ነው። ሂርና የገባሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ የሚስቴ አገር ናት።

ማታውን ልምምዳቸውን ቀርጻ በስልክ ላከችልኝ። ከቀኝ በኩል ሮጣ ትመጣና ትዘላለች። የምታርፈው ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ፣ ከኋላው መጋረጃ አራት ክንድ ያህል ወደ ፊት ነው። ይህን ሦስት ጊዜ ታደርጋለች። ደግሜ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ የምታርፈው እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ቦታዋን አውቃታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልናገር። የመድረክ ጣውላ አየር ላይ አይቀመጥም። ከሥሩ አግዳሚ እንጨቶች ተደርድረው ጣውላው በእነሱ ላይ ይመታል። ያን ወለል ስናድስ የሥራው ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አንድ አግዳሚ ሲቀረን እንጨቱ አለቀ፤ እንጨት የሚያመጣው መኪናም አልደረሰም። በማግስቱ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። አብሮኝ የሚሠራው ሙክታር «እንናገር፣ አንሸፍነው» አለኝ። እኔ «ከሥር ገብቶ የሚያይ ማን አለ?» አልኩና ጣውላውን መታሁበት። በሳምንቱ እንጨቱ መጣ። ያኔ ጣውላውን ልንቀል ብል ሰው ሁሉ ምክንያቱን ሊጠይቀኝ ነው። ስለዚህ ተውኩት። በዚያ ወለል ላይ ስብሰባ ተደረገበት፣ ሙዚቃ ተጫወቱበት፣ ምንም አልሆነም። ግን እዚያች ቦታ ላይ ዘሎ የሚያርፍባት ሰው እስካሁን አልነበረም።

መንገድ

የሚኒባሱ ዋጋ ሦስት መቶ ብር ነው። መጋዜን፣ መዶሻዬንና መሮዬን በጆንያ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩ። ረዳቱ ከላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩት።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ ተቦርብሯል። በግራም በቀኝም በየእርከኑ ጫትና ማሽላ ነው። ጨለንቆ ላይ ሽንኩርት የያዘች ሴት ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጆንያዬን በእግሯ ነካ አደረገችው።

«አባ፣ ሐረር ሥራ ይዘው ነው?»

«የቆየ ሥራ ነው።»

«ምን ያህል የቆየ?»

«አርባ ዓመት።»

«አርባ ዓመት! ታዲያ ባለቤቱ ዝም አለ?»

«ባለቤቱ አያውቅም።»

ሳቀች። «እንግዲያው እርስዎም አይወቁ። በዚህ ዕድሜ ምን አስጨነቀዎት?»

ቁሉቢ ስንደርስ ወደ ገብርኤል አቅጣጫ ተሳለምኩ። ሴትየዋ ሙስሊም ናት፤ እስክጨርስ ዝም ብላ ጠበቀችኝና ወሬዋን ቀጠለች። ደንገጎ ላይ የድሬዳዋው መንገድ ወደ ግራ ተገነጠለ። ሐሮማያ ሐይቁን አየሁት። ደርቆ በመሃሉ ከብት ሲግጥ አይቼ ነበር፤ አሁን ውኃ ይዟል። አወዳይ ላይ ጫት የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ግማሽ ሰዓት ቆምን። አምስት ሰዓት ሲሆን ሸዋ በር ወረድኩ።

ሙክታር ቤት

ሙክታር ጀጎል ውስጥ በአባቱ ቤት ነው የሚኖረው። ከሸዋ በር ገብቼ ጠባቡን መንገድ በእግሬ ወረድኩ። ባጃጅ የማይገባበት መንገድ ነው። ከተገናኘን ሦስት ዓመት ሆኖናል። በቀይ አፈር የተቀባው መደብ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ሊነሣ ሲል ጉልበቱ እንቢ አለው።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለህ» አለኝ።

«አንተም አለህ።»

«እኔስ ምን አለኝ፤ ጉልበቴ ቀድሞኝ ሞቷል። ጆንያው ምንድን ነው?»

«መጋዝ ነው።»

ጆንያውን አየ። ሴት ልጁ ሆጃ አመጣችልን። የቡና ገለባ በወተት የተፈላ ነው፤ ሐሙስ ጾም ስላልሆነ ጠጣሁ። ስትወጣ ጠብቄ «የቴአትር ቤቱ ወለል» አልኩት። ሌላ ነገር ሳልጨምር ገባው።

«ወላሂ፣ ስንት ጊዜ ላነሳብህ ፈልጌ ተውኩት መሰለህ። በቅሎ ስለሆንክ ነው።»

«በቅሎም ቢሆን መንገድ ታውቃለች።»

«ታውቃለች። መመለስ ነው የማታውቀው።» ሆጃውን ጠጣ። «አሁን ማን ወደቀበት?»

«ማንም። የማርታ እግር ነው የሚያርፍበት። ቅዳሜ።»

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ምርኩዙን ፈለገ። «እስኪ ነገ ከጁምዓ በፊት እንሂድ» አለ።

ያን ሌሊት እሱ ቤት አደርኩ።

ዓርብ፣ ቴአትር ቤቱ

ዓርብ ጾም ነው። ሸዋ በር አካባቢ ፉል ያለ ቅቤ በዳቦ በልቼ ከሙክታር ጋር በባጃጅ ሄድን። ቴአትር ቤቱ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። ድሮ ሲኒማም ነበር። ፊቱን ቀለም ቀብተውታል፤ ወንበሮቹ ግን እነዚያው የእንጨት ወንበሮች ናቸው።

አዳራሹን የምትመራው ወይዘሮ አልማዝ ትባላለች። አርባ ዓመት አይሞላትም፤ ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላለች። የማርታ አያት መሆኔን ስትሰማ እጄን ጨብጣ ከፊተኛው ረድፍ ወንበር ይዘንልዎታል አለችኝ። እኔም ከመድረኩ ሥር ትንሽ ገብቼ ልይ አልኳት።

«አባባ፣ ወለሉን አይተነዋል። የጎማ ምንጣፍ ተነጥፎበት ዙሪያውን ተለጥፏል። እንዳይነካ ተብሏል።»

«ከላይ አይደለም፤ ከሥር ነው።»

«ከሥር ምን ያደርጋሉ? አቧራ ነው ያለው።»

ምክንያት ልፈልግ አሰብኩ። ምስጥ ልበላት፣ የጠፋ መዶሻ ልበላት ብዬ ነበር። ሙክታር በምርኩዙ ጫማዬን ነካኝ። ስለዚህ ነገርኳት። አግዳሚ መጉደሉን፣ ያጎደልኩት እኔ መሆኔን፣ አውቄ መሸፈኔን ሁሉ ነገርኳት። ስናገር እሷን አላየኋትም፤ ቁልፉን ነበር የማየው።

ወይዘሮ አልማዝ ተቀመጠች። «እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልችልም። ትኬቱ ተሸጧል። ሰው ከድሬዳዋ ይመጣል። አሁን ሰርዙ ልበላቸው?»

«መጀመሪያ እንየው» አልኩ።

«ባይሆንስ?»

«ባይሆን እኔው ወጥቼ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ያሰረዝኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

ከመድረኩ ጀርባ ያለችው በር ለድመት የተሠራች ትመስላለች። በእጅ ባትሪ እያበራሁ በጉልበቴ ገባሁ። ሙክታር በሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ከውስጥ ቁመቱ ተቀምጦ ለመሥራት ይበቃል። ቦታዋን ለማግኘት አልተቸገርኩም። አግዳሚዋ ልትገባበት የነበረው ቦታ ላይ በእርሳስ ያሰመርኩት መስመር አሁንም አለ። መስመሩ እንደ ትናንት ነው፤ አግዳሚ ግን የለም። ሁለት ጣውላ ከሥራቸው ተሰንጥቀዋል። ስንጥቁ ነጭ ነው። የድሮ ስንጥቅ ይጠቁራል፤ ይሄ የዚህ ሳምንት ነው።

«ተሰንጥቋል?» አለ ሙክታር ከበሩ።

«ሁለቱ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ።

ስወጣ ማርታ ቆማ ትጠብቀኛለች። ወይዘሮ አልማዝ ነግራታለች። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች። ሳትስመኝ ነው የጠየቀችኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ በስልክ ለምን አልነገሩኝም? ከማክሰኞ ጀምሮ እየዘለልኩበት ነው።»

«አፍሬ ነው።»

ፊቴን አየች። አንድም ቀን እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ኋላ የተናገረችው ያልጠበቅኩትን ነው። «እኔ እኮ ያችን ቦታ መርጬ ነው። ሌላው ወለል ድንጋይ ነው፣ ጉልበት ይመታል። እዚያች ጋ ግን ትቀበለኛለች። መምህሬን ለምኜ ነው ማረፊያዬን ወደዚያ ያዞርኩት።»

ሙክታር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አየህ ተፈራ፣ ከሠራኸው ወለል ሁሉ ልጅቷ የወደደችው ያልሠራኸውን ነው።»

ባትሪውን አጠፋሁ።

ጎማው

ችግሩ ሁለት ሆነ። ከላይ ምንጣፉ ስላለ ጣውላ መንቀል አይቻልም። በዚያች በር ደግሞ ሙሉ አግዳሚ አይገባም። ስለዚህ አጭር አግዳሚ አስገብቼ በሁለት ቋሚ ከሥር ልደግፈው አሰብኩ። ያ ጥንካሬውን ይሰጣል። ነገር ግን ድርቅ ካለ ማርታን ይጎዳታል። ለዚህ ቦታ ስትል የዘለለችው ልጅ ድንጋይ ላይ ታርፋለች ማለት ነው።

ጫማዋን አሳይታኝ ነበር። ጫፉ እንጨት ይመስላል፤ ሳንኳኳው ግን ጨርቅና ሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው። በዚህ ላይ ቆማ ነው የምትዞረው። ሥራው የአናጢ ሥራ ነው፣ ሳላደንቅ አላለፍኩም።

ሙክታር ከጁምዓ ሲመለስ ሸዋ በር ከበረባሶ ሠሪዎች ዘንድ ሄድን። አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው ጫማ የሚሠሩት ናቸው። አንዱ ሽማግሌ በሐረሪ ወግ አክብሮ «አው ሙክታር፣ ለየትኛው እግር ነው?» ሲለው ሙክታር «ለመድረክ እግር» አለው። ሁለት ጣት ውፍረት ያለው የጭነት መኪና ጎማ አስቆረጥን። ለቋሚና ለአግዳሚ የሚሆነውን ሞራሌ ከዚያው ከአሮጌ እንጨት ሻጮች ገዛን። ደረቅ ጽድ ነው፣ ጥሩ እንጨት።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከሥር ሠራሁ። ከሥር ቋሚ፣ በላዩ አጭሩ አግዳሚ፣ በአግዳሚውና በጣውላው መካከል ጎማው። ከቋሚዎቹ እግር ሥር ሽብልቅ፣ ጫፉ የቀጠነ ቁራጭ እንጨት፣ አስገብቼ በመዶሻ እየመታሁ አጠበቅኩ። ማርታ ከላይ ዘለለች።

«ጠጠረ!» አለች በጣውላው በኩል።

ሽብልቁን ትንሽ ወደ ኋላ መታሁት። ደግማ ዘለለች።

«አሁን ደግሞ ለሰለሰ።»

«ልጅቷም በቅሎ ናት» አለ ሙክታር።

ከሰባት ወይም ከስምንት ዝላይ በኋላ መዝለሏን አቆመች። ከዚያ «አሁን ነው፣ አይንኩት» አለች። የዳንስ መምህሯም ወጥታ ረገጠችው። ወይዘሮ አልማዝ ራሷ ነጠላዋን አጣፍታ በጉልበቷ ከሥር ገብታ በባትሪ አየችው። ስትወጣ «ይሁን» አለች። «ግን ሰኞ ምንጣፉ ሲነሣ ሙሉ አግዳሚ ትገባለች። እርስዎ ነዎት የሚያስገቡት።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት

አንድ ነገር ለወይዘሮ አልማዝ አልነገርኳትም ነበር፤ ጠዋት ነገርኳት። ሽብልቅ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። ሁልጊዜ ይላላል ማለት አይደለም፤ ግን ይላላል። ምስማር ብመታበት ማጥበቅም ማላላትም አልችልም። ስለዚህ አንድ ሰው ከሥር መቀመጥ አለበት።

«ወንበርዎትስ?» አለችኝ።

«ሙክታር ይቀመጥበት። እሱ አይቶ ይነግረኛል።»

ማርታ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «አባባ፣ እርስዎ እንዲያዩኝ ነው እኮ ሐረር ይሁን ያልኩት።» መዶሻዬን ከጆንያው አወጣሁ። «እኔ ከላይ ሆኜ ባይሽ ዓይኔ ወለሉ ላይ ነው የሚሆነው» አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ገባሁ። ጆንያዬን አንጥፌ ጀርባዬን ከቋሚዎቹ አጠገብ ላለው የመድረኩ መደገፊያ ግንብ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከላይ የወንበር ድምፅ፣ የሕፃናት ጫጫታ፣ ከዚያ ሙዚቃው መጣ። ከዚያም እግሮች።

ታሪኩን የሰማሁት ከሙክታር ነው። በዕረፍቱ ሰዓት ለዐስር ሰላት ከመሄዱ በፊት በድመቷ በር ጎንበስ ብሎ ነገረኝ። «አንድ አናጢ ልጅ አለ። ለሠርጉ ቤት ምሰሶ ሊቆርጥ ጫካ ይገባል። በየዛፉ ውስጥ ነጭ የለበሰች መንፈስ አለች፤ እሱ የመረጣት ዛፍ መንፈስ ማርታ ናት። ይዋደዳሉ። እናቱ ግን ዛፏን ቆርጠህ አምጣ አለችው።»

«ሌላ ዛፍ የለም?»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጫካው ሙሉ ዛፍ ነው። አጠገቤ ያለችው ሴት ዝም በል አለችኝ።»

«ማርታስ?»

ሙክታር ወደ መድረኩ ቀና አለ። «ክብደት የላትም» አለ። «ወላሂ፣ እንደ ጥጥ ናት። መሬት የነካች አትመስልም።»

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። መሬት ትነካለች። ሁሉም ይነካሉ። ከላይ ሆኖ የሚያይ መንፈስ ያያል፤ ከሥር ያለ ሰው ግን የሚሰማው የሰው እግር ነው። ሃያ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲያርፉ አቧራው ራሴ ላይ ይወርዳል። የሚያለከልኩ አሉ። አንዷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ እግሯን ስትፈትግ ሰማኋት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የማርታን እግር ከሌሎቹ ለየሁት። ከማረፏ በፊት አንዲት አጭር እርምጃ አላት፣ ሌሎቹ የላቸውም።

ዝላዩ ያለው በሁለተኛው ክፍል ነው። ሙዚቃው ከፍ አለ፣ ሮጣ መጣች፣ አረፈች። ጎማው ተጨመቀ፣ ተመለሰ። ባትሪውን ወደ ቋሚዎቹ መለስኩ፤ ሽብልቆቹ ባሉበት ናቸው። ሁለተኛው መጣ። የግራው ሽብልቅ የምስማር ራስ ያህል ወጣ። መዶሻዬን አነሣሁ። ሙዚቃው ያን ጊዜ ዝግ አለ፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ቀረ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ብመታ እስከ ኋላው ወንበር ይሰማል። እዚያ ላይ ዛፏ ልትቆረጥ ነው፤ የእኔ መዶሻ ደግሞ ከሥር ሊመታ ነው።

መዶሻውን አስቀመጥኩ። ጀርባዬን ለግንቡ አደረግኩና ተረከዜን ሽብልቁ ላይ አድርጌ ገፋሁ። ገባ፤ ግን እግሬን ብለቅ እንደሚወጣ አውቄያለሁ። እንደገፋሁ ቆየሁ። ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያችን አጭር እርምጃ ሰማሁ። ከዚያ አረፈች። ክብደቷ በእንጨቱ ወርዶ ተረከዜ ላይ፣ ከተረከዜ ወገቤ ላይ መጣ። ቋሚው አልተነቃነቀም። ሰው ማጨብጨብ ሲጀምር በጭብጨባው መካከል ሽብልቁን ሦስት ጊዜ መታሁት።

ሲያልቅ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ እዚያው ቆየሁ። ማርታ በትንሿ በር ጎንበስ አለች። ነጩን ቀሚሷን አቧራ እንዳይነካው በሁለት እጇ ሰብስባዋለች፤ ላቧ ይወርዳል።

«አባባ፣ ምንም አላዩኝም አይደል?»

«አላየሁሽም።»

«ከመንፈሶቹ መሃል የትኛዋ እንደሆንኩ እንኳ አላወቁ።»

«አውቄያለሁ። ሦስተኛው ላይ ግራ እግርሽ ቀደመ።»

ቀሚሷን ለቀቀችውና በጉልበቷ ወደ ውስጥ ገባች። «መምህሬ እንኳ አላየችውም» አለች። እንደዚያው በአቧራው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ውጭ ሰው ይጠራታል፤ ወዲያው አልወጣችም።

መመለሻ

ሰኞ ጠዋት ምንጣፉ ተነሣ። ከሙክታር ጋር ጣውላውን ነቅለን ሙሉዋን አግዳሚ አስገባን፤ እሱ ተቀምጦ ያዘ፣ እኔ መታሁ። ጎማውን ወይዘሮ አልማዝ እንድንተወው አዘዘች፣ በላይዋ አደረግነው። ከመሸፈናችን በፊት በእርሳስ አግዳሚዋ ላይ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ደካማ ነው፤ ግን ይነበባል። «ይህች ለአርባ ዓመት ጎድላ ነበር። ያጎደልኳት ተፈራ ነኝ።» ሙክታር እርሳሱን ቀማኝና ከሥሩ «እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ» ብሎ በራሱ እጅ ጨመረበት።

ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ሂርና ገባሁ። ወገቤን አሞኛል። በዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ጎዶሎ ነገር የሸፈነ ሰው ማንም እንዳያውቅበት ይጸልያል፤ እኔም እንዲያ ነበርኩ። መናገሩ ግን ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ፤ አርባ ዓመት የፈጀብኝ አለመናገሩ ነው። ልጆቼ ጭፈራው እንዴት ነበር ሲሉኝ አላየሁትም አልኳቸው። አላመኑኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ማርታ ከሌላ ከተማ ደወለች። እዚያም ሊጫወቱ ነው።

«አባባ፣ እንደ ገባሁ አዳራሹን የሚጠብቀውን ሰው ወለሉን ማን እንደሠራው ጠየቅኩት።»

«ምን አለሽ?»

«ሳቀብኝ። የሠራው ሰው ሞቷል አለኝ።»

«ከሥር የሚያስገባ በር አለው?»

«አለው። ትንሽ ናት፣ የድመት።»

«ባትሪ ይዘሽ ግቢ» አልኳት።